አስተርጓሚዋ አልጣሽና የማሽቃሮ ስብከት

ቦንጋ ውስጥ አልጣሽን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ወይ ታሞ የማያውቅ ነው ወይ ጸሎት ቤት ረግጦ የማያውቅ። ገጠሬው ሕመሙን በካፊኖኖ ሲናገር፣ ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣው ሐኪም በአማርኛ ሲጠይቅ፣ በሁለቱ መካከል ቆማ ቃል ስታቀባብል የኖረችው እሷ ናት። ጤና ጣቢያው የቀጠራት ግን ለጽዳት ነበር። ትምህርቷም ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም።

ወደ ማስተርጎሙ የገባችው ከዋቻ በመጣች አንዲት ሴትዮ ምክንያት ነው። ሐኪሙ ደሟን ሊመረምር ፈልጎ «ነገ ጾምሽን ነይ» አላት። ያኔ የሚያስተረጉመው ዘበኛው ነበርና እንደሰማው «ነገ ጾም ነው፣ ጾመሽ ነይ» ብሎ አስተላለፈላት። ሴትየዋ በማግሥቱ ቆጮ በጎመን እስክትጠግብ በልታ መጣች። ሐኪሙ ሲቆጣ «ቅቤ አልነካሁም! ወተትም አልቀመስኩም! ከዚህ በላይ እንዴት ይጾማል?» ብላ እሷም ተቆጣች። ወለሉን ትወለውል የነበረችው አልጣሽ መጥረጊያዋን ተደግፋ ሳቀች፤ ቀጥሎ ደግሞ አፈረችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሐኪሙ «ምን አለች?» ብሎ ሲጠይቃት ቀስ ብላ ነገሩን አስረዳችው። ከዚያ ቀን ወዲህ «አልጣሽን ጥሩ» የሚለው ድምፅ ከጤና ጣቢያው አልጠፋም።

ጡረታ ከወጣች በኋላ ሥራዋ የእሑድ የእሑድ ሆነ። ከጫካው ጠርዝ ባለችው ትንሽ የወንጌላውያን ጸሎት ቤት፣ ሰባኪው በአማርኛ ሲሰብክ እሷ በኋላ ወንበሮች ለሚቀመጡት አረጋውያን በካፊኖኖ ትተረጉማለች። ከሰባኪው በስተግራ፣ ግማሽ እርምጃ ወደኋላ ብላ፣ የነጠላዋን ጫፍ በሁለት ጣቷ ይዛ ትቆማለች። የሚገርመው ድምጿ ነው። ገበያ ሄዳ ኮረሪማ ስትገዛ ሻጯ «እ? ምን አልሽ?» ብላ ሁለት ሦስት ጊዜ ታስደግማታለች። የሌላ ሰው ቃል ሲሆን ግን ድምጿ ይከፈታል፤ በሩ ላይ የቆመው ሁሉ ይሰማታል።

አንድ ሕግ ነበራት። የሰው ቃል የአደራ ዕቃ ነው፤ እንደተቀበሉት ያስረክቡታል። ጨው አይጨመርበትም፣ ውሃም አይቀላቀልበትም። ደግሞ ማጭበርበር ቢያምራትም አይሆንላትም። የፊት ወንበር ላይ የሚቀመጡት ወጣቶች ሁለቱንም ቋንቋ ስለሚያውቁ፣ አንዲት ቃል ካጎደለች አንገታቸውን ቀና ያደርጋሉ።

ይህች ጠንቃቃ ሴት ታዲያ በዕድሜዋ ትልቁን ስሕተት የሠራችው ባለፈው መስከረም መግቢያ ላይ ነው።

ከወላይታ አንድ ወጣት ወንጌላዊ ተመድቦ መጣ። ቀጭን ነው፣ ረጅም ነው፣ ሲናገር እጁ ከአፉ ይቀድማል። ሽማግሌዎቹ ቅዳሜ ተሰብስበው ሲተዋወቁት አልጣሽ አልነበረችም፤ ዝናብ ጋብ ብሎ ስለነበር ኮረሪማዋን ፀሐይ ላይ ልታሰጣ ቀርታለች። እሑድ ጠዋት መጋቢ ኢሳያስ፣ የጸሎት ቤቷ መሪ፣ መድረክ ላይ ወጡና «ወገኖች፣ ደስ ይበላችሁ! ከዛሬ ጀምሮ ነቢዩ አብሮን ያገለግላል» አሉ።

አልጣሽ ስም ነው ብላ ከየት ትጠርጥር? «ደስ ይበላችሁ፣ ከዛሬ ጀምሮ የእግዚአብሔር ነቢይ አብሮን ያገለግላል» ብላ ጥርት አድርጋ ተረጎመችው።

የኋላ ወንበሮች ተንቀጫቀጩ። ተኝቶ የነበረው ሁሉ ነቃ። የፊት ወንበር ወጣቶች በነጠላና በመጽሐፍ አፋቸውን ሸፍነው ይንፈቀፈቃሉ። አልጣሽ ነገሩ የገባት ስብከቱ ካለቀ በኋላ ነው። ፊቷ እንደ በርበሬ ቀልቶ አረጋውያኑን በሩ ላይ አንድ በአንድ እየያዘች «ስሙ ነው፣ ስሙ ብቻ ነው! እናትና አባቱ ያወጡለት ነው» እያለች አስረዳች።

የሚሰማት ግን አልተገኘም። እማማ ብርቄ የሚባሉ ላማቸው የጠፋችባቸው አሮጊት «እውነተኛ ነቢይ ነቢይ ነኝ ብሎ አያውቅም። ትሑት ነው ማለት ነው» አሉና ወጣቱን ክንዱን ይዘው በአልጣሽ በኩል ስለ ላማቸው ነገሩት። እሱም ለወግ ያህል «እስኪ በወንዙ በኩል ይፈልጓት» አላቸው።

ላሟ በወንዙ በኩል ተገኘች።

ከዚያ በኋላ ነገሩ መድኃኒት አልተገኘለትም። «ነቢዩ እንዳለው» ማለት በአረጋውያኑ ዘንድ የመጨረሻ ቃል ሆነ። አልጣሽ ለወንድም ነቢዩ ሄዳ በሹክሹክታ ይቅርታ ጠየቀችው፤ እሱ ሳቀ። «አይጨነቁ እትዬ አልጣሽ፣ ይረሱታል» አላት።

አልረሱትም።

የማሽቃሬ ባሮ፣ የማሽቃሮ በዓል፣ ሳምንት ደረሰ። ቦንጋ በዚያ ሰሞን ሌላ ከተማ ትመስላለች። ማሽቃሮ የካፋ ዘመን መለወጫ ነው፤ የሚውለውም ከመስቀል ጋር ተያይዞ ስለሆነ ሁለቱን መለየት ጠጅን ከማሩ እንደመለየት ነው። ከየቀበሌው ሰው ይጎርፋል፣ በሬ ይነዳል፣ ቅቤ ይነጠራል፣ ጥምዝ ይወቀጣል።

ለአልጣሽ ደግሞ ማሽቃሮ ማለት እህቷ ናት። ታላቋ ዙፋን የምትኖረው ሺሺንዳ ነው። አልጣሽ ገና ወጣት ሳለች ከኦርቶዶክስ ወጥታ ጴንጤ ስትሆን ዙፋን «ከእንግዲህ እህት የለኝም» ብላ ነበር። መንገድ ላይ ሲገናኙ አንዷ ሌላ መንገድ ትመርጥ ነበር። የታረቁት በማሽቃሮ ነው። የተጣላ ሰው ይዞ አዲስ ዓመት አይገባምና ዙፋን ራሷ ቦንጋ ድረስ መጥታ በሩን አንኳኳችና «ነይ፣ ሥጋው ይበላሻል» አለቻት። ሌላ የዕርቅ ቃል አልተናገረችም። ከዚያ ወዲህ አልጣሽ አንድም ማሽቃሮ ከሺሺንዳ ቀርታ አታውቅም።

በዚህ ዓመት ዙፋን ከበዓሉ በፊት በነበረው ቅዳሜ ደወለች። ስልክ ላይ የምትናገረው ከወንዝ ማዶ እንደምትጣራ ነው።

«አልጤ! አንድ ነቢይ መጥቶ በዓሉን ሊያስተዋችሁ ነው አሉ፣ እውነት ነው?»

«ነቢይ አይደለም እታለም፣ ስሙ ነው።»

«ስሙም ይሁን ግብሩ! ትመጪያለሽ ወይስ አትመጪም? ቅርጫ የገባሁት ሁለታችንን አስቤ ነው። ጉልበቴ እንደሆነ ሞቷል። አንቺ ካልመጣሽ ችቦም አልይዝ፣ እሳትም አላነድ፤ በሬን ዘግቼ እተኛለሁ።»

«እመጣለሁ» አለች አልጣሽ።

«ድምፅሽ አልተሰማኝም!»

«እመጣለሁ!»

በማግሥቱ እሑድ ወንድም ነቢዩ መድረክ ላይ ሲወጣ ፊቱ ቆፍጠን ብሎ ነበር። አልጣሽ ከመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ወዴት እንደሚሄድ ገባት።

«ወገኖች፣ ማሽቃሮ የምትሉት በዓል እዚህ አገር ወንጌልም መስቀልም ከመድረሳቸው በፊት የነበረ ነው» አለ።

ተረጎመች።

«አባቶቻችሁ በዛፍ ሥር ማር እያፈሰሱ ለሌላ አምላክ ያከብሩት ነበር። ሥሩ የአሕዛብ ከሆነ ፍሬውም የአሕዛብ ነው። የክርስቶስ የሆነ ሰው እንዲህ ያለውን በዓል አያክብር!»

የነጠላዋ ጫፍ በጣቷ መካከል ላብ ያዘው። «አያክብር» የሚለውን «ይጠንቀቅ» ብትለው ምን አለበት? ትንሽ ቃል ናት። ሺሺንዳ ያለው ቅርጫ፣ የዙፋን ጉልበት፣ የተዘጋው በር በዓይኗ ላይ ዞሩ። ግን ቃሉ የአደራ ነው። «አያክብር» ብላ እንዳለ አስረከበች። የገዛ ድምጿ ጸሎት ቤቱን ሲሞላው ሰማችና የገዛ እጇ በጥፊ የመታት መሰላት።

የኋላ ወንበሮችን ተመለከተች። እማማ ብርቄ ዓይናቸውን ጨፍነው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ቅቤያቸውን አንጥረው እንደጨረሱ አልጣሽ ታውቃለች። ሌላ ሰባኪ ቢለው ኖሮ አረጋውያኑ «አሜን» ብለው ወደ በሬያቸው ይሄዱ ነበር። አሁን ግን ይህን ያለው ነቢይ ነው፤ ነቢይ ያደረገችውም እሷ ናት።

ወንድም ነቢዩ ጋለ። «አባቶቻችሁ ያደረጉትን ሁሉ ተዉ! እነሱ ይጠሩት የነበረውን የዚያን የድሮውን አምላክ ስም እንኳ በአፋችሁ አትጥሩ!»

አልጣሽ ተረጎመች።

በዚህ ጊዜ ከኋላ አንድ ሰው ተነሣ። ጋሽ ኃይለመስቀል ናቸው፣ ከማንኪራ በእግራቸው የሚመጡት ንብ አናቢ። በጸሎት ቤቱ ውስጥ ተነሥተው ሲናገሩ ታይተው አያውቁም። ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው በካፊኖኖ፣ በጣም በአክብሮት ተናገሩ። ንግግራቸው ሳያልቅ የኋላው ወንበር አጉረመረመ፣ የፊቱ ወንበር ደግሞ በሳቅ ፈረሰ።

ወንድም ነቢዩ ወደ አልጣሽ ዞረ። «ምን አሉ?»

እስከዛሬ ከአማርኛ ወደ ካፊኖኖ እንጂ በዚያ መድረክ ላይ ወደኋላ ተርጉማ አታውቅም። ግን ሕጉ ሕግ ነው።

«እንዲህ አሉ» አለች። «‹ነቢዩ ያለውን ሰምቻለሁ፣ መታዘዝም እፈልጋለሁ። ነገር ግን ጭንቅ ገጥሞኛል። አያቴ በዛፉ ሥር ቆሞ ይጠራ የነበረው ስም ዬሪ ነው። ዛሬ ጠዋት ጸሎት ስንከፍት እኛም የጠራነው ዬሪን ነው። በቋንቋችን ለእግዚአብሔር ሌላ ስም አላውቅም። እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ ስጸልይ ማን ብዬ ልጥራው? ወይስ አዲስ ስም እስኪመጣልን ዝም እንበል?›»

ጣሪያው ላይ የዝናብ ጠብታ ይቆጠራል።

ወንድም ነቢዩ ውሃ ጠጣ። ብርጭቆውን አስቀመጠ፤ እንደገና አነሣና ባዶውን ጠጣ። ጋሽ ኃይለመስቀል ባርኔጣቸውን ይዘው ቆመው ይጠብቃሉ። ሊያሳፍሩት እንዳልተነሡ ከፊታቸው ይታያል፤ የሚጠብቁት እውነተኛ መልስ ነው።

«ዬሪ ማለት... እግዚአብሔር ማለት ብቻ መስሎኝ ነበር» አለ ወደ አልጣሽ ጠጋ ብሎ።

አልጣሽ ይህንንም ጮክ ብላ ተረጎመችው። ለእሷ ብቻ የተነገረ መሆኑ የገባት ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው። ጸሎት ቤቱ እንደገና በሳቅ ተናወጠ። ወንድም ነቢዩም አልቻለም፤ ራሱም ሳቀ።

«አባባ፣ ዝም አይበሉ» አለ በመጨረሻ። «ይጸልዩ፤ በለመዱት ስም ይጥሩት፤ ይሰማዎታል። እኔ ይህን ነገር አላሰብኩበትም። አስቤ እመለስበታለሁ።» ከዚያ ስብከቱን እዚያው ላይ አቁሞ «አምላካችን ሆይ» ብሎ መዝጊያ ጸሎት ጀመረ። አልጣሽ «ዬሪ» ብላ ስትተረጉም እማማ ብርቄ ከወትሮው ከፍ ባለ ድምፅ «አሜን!» አሉ።

ከጸሎት በኋላ በጓዳው ክፍል ለአገልጋዮች ቦዬ፣ እንደ ጎደሬ ያለው ሥራ ሥር፣ ተቀቅሎ በቅቤና በሚጥሚጣ ቀረበ። መጋቢ ኢሳያስ ሰው ለመሸኘት ወጡ። አልጣሽና ወንድም ነቢዩ ብቻቸውን ቀሩ። እሱ ቦዬውን በጣቱ ይነካካል እንጂ አይበላም።

«ሥሩ የአሕዛብ ከሆነ ብዬ ነበር» አለ። «ለካ ሥሩን ይዘን ነው የምንጸልየው።»

አልጣሽ አስተርጓሚ እንጂ ጠያቂ ሆና አታውቅም። ያን ቀን ግን ልቧ አላስቀምጣት አለ።

«ወንድም ነቢዩ፣ እርስዎ ያሉት ሁሉ ግን ስሕተት አይደለም» አለች፤ ድምጿ ወዲያው ወደ ገበያው ድምፅ ተመለሰ።

«አልሰማሁም፣ እትዬ?»

«ሁሉም ስሕተት አይደለም አልኩ። አያቴም ዬሪን ይጠራ ነበር። ማሩን ግን የሚያፈሰው ለዛፉ ባለቤት ነው፣ ለመንፈሱ። ካላፈሰ ልጅ ይታመማል ብሎ ይፈራ ነበር። ትንሽ ልጅ ሆኜ አይቻለሁ። ስሙ የጌታ ሆኗል፣ እሱስ ይኑር። ያ ፍርሃት ግን እንዲመለስ አልፈልግም።»

ወጣቱ ቀና ብሎ አያት። እሷም የጀመረችውን ለመጨረስ ቸኮለች።

«እህቴ ሺሺንዳ አለች። ኦርቶዶክስ ናት፣ መስቀልን እንደ ወጉ ታከብራለች። በየዓመቱ አብረን ነው የምንውለው። ታዲያ ከመብላታችን በፊት የመጀመሪያውን ጉርሻ ማድ ቤቱ ምሰሶ ሥር ታስቀምጣለች። ያን ማየት አልወድምና ‹ዶሮዎቹን ልይ› ብዬ እወጣለሁ። ተመልሼ እበላለሁ። እንዲህ ስል ዕድሜዬን ጨረስኩ። ልሂድ ወይስ ልቅር?»

ወንድም ነቢዩ ቦዬውን ወደ ጎን ገፋው።

«እትዬ አልጣሽ፣ እኔን አይጠይቁ» አለ። «ወላይታ ውስጥ የእኛ ዘመን መለወጫ ጊፋታ ነው። እናቴ በየዓመቱ ትደውላለች። ‹ትመጣለህ?› ትለኛለች። አገልግሎት አለብኝ እላታለሁ። በዚያ ቀን ሆቴል ገብቼ ሽሮ እበላለሁ። ለሰው ሁሉ መልስ አለኝ፣ ለእናቴ ግን...»

«እና እሷ ያን ቀን ከማን ጋር ትበላለች?»

«አላውቅም። ጠይቄያት አላውቅም።»

«ልጄ፣» አለችው፤ እርስዎ ማለቱን ረሳችው፣ «ይሄ ኃጢአት አይመስልህም?»

ሳቀ። ከዚያ «ሳይነግሩ ዶሮ ማየቱም እኮ ያው ነው» አላት። «ይሂዱ። ሲሄዱ ግን ለእህትዎ ይንገሯት። እኔ የምሰብከውን አይተርጉሙላት። የራስዎን ይናገሩ።»

ቦዬውን ያን ጊዜ መብላት ጀመረ። በሩ ላይ ስትደርስ ጠራትና «እባክዎ ነቢይ እንዳልሆንኩ ይንገሩልኝ፣ እስከ ማታ አንድ በቅሎ ፈልግልን ያሉኝ ሰዎች አሉ» አላት።

«እኔማ ነግሬአቸዋለሁ። ላሟ ናት እምቢ ያለችኝ።»

በመስቀል ዋዜማ ወደ ሚዛን በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፍራ ሺሺንዳ ወረደች። በእጇ ማር በቆርቆሮ፣ በፌስታል ደግሞ ጥምዝና ኮረሪማ ይዛለች። ዙፋን በትሯን ተደግፋ መንገድ ዳር ቆማ ነበር።

«ከስተሻል» አለቻት ገና ሳትስማት። «ነቢዩ ያስጾማችኋል?»

«አንቺ ደግሞ ወፍረሻል።»

«ጉልበቴ ነው ያበጠው፤ ሌላው ያው ነው።»

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሰፈሩ ችቦውን እያበራ ወደ ደመራው ወጣ። መንገዱ ጭቃ ነው። ዙፋን በአንድ እጇ ችቦ በሌላው በትር ይዛ ስትንገዳገድ፣ አልጣሽ ክንዷን ደገፈቻት። አንድ ዓይነ ፈጣን ጎረቤት አያትና «እሰይ! ጴንጤዋም ችቦ ያዘች!» ብሎ ጮኸ።

አልጣሽ ዘወር አለችና፣ እሷ ራሷ እስክትደነግጥ ድረስ በሚሰማ ድምፅ፣ «ችቦውን አልያዝኩም፤ የያዝኩት እህቴን ነው» አለችው።

ሰዉ ሳቀ። ዙፋን «አፍ አወጣሽ እንዴ?» ብላ በክርኗ ጎሸመቻት።

በማግሥቱ እኩለ ቀን ላይ ማድ ቤት ገቡ። ዙፋን የቆርቆሮ ቤት ከሠራች ቆይታለች፤ ማድ ቤቷ ግን የጥንቱ የሣር ጎጆ ነው፣ መካከሉ ላይ በጭስ የጠቆረ ምሰሶ ያለበት። ቆጮው ተቆርሶ፣ ሥጋው ተከትፎ፣ ቅቤው በላዩ ፈሶ ቀረበ። ዙፋን ጸሎቷን አድርጋ አማተበች። አልጣሽም ዓይኗን ጨፍና ጸለየች። ከዚያ ዙፋን የመጀመሪያውን ጉርሻ ጠቅልላ ያዘች፤ ግን አልተነሣችም። እህቷን ትመለከታለች።

«ምነው፣ ዶሮዎቹን አታዪም?» አለች።

አልጣሽ ደነገጠች። ለካ ታውቃለች!

«ዛሬ አላይም።»

«ለምን?»

አልጣሽ አፏን ከፈተች፤ ድምፅ አልወጣም። የሐኪም ቃል ቢሆን፣ የሰባኪ ቃል ቢሆን፣ እስካሁን ጎጆውን ያናውጠው ነበር። የነጠላዋን ጫፍ በሁለት ጣቷ ያዘች።

«እታለም፣ ያ ጉርሻ ለማን ነው?»

«የቱ?»

«በእጅሽ ያለው። ምሰሶው ሥር የምታስቀምጪው።»

ዙፋን ጉርሻውን እንደ አዲስ ነገር አገላብጣ አየችው። «እናታችን ታስቀምጥ ነበር።»

«ለማን?»

«እኔ ምን አውቄ! ጠይቄያታለሁ እንዴ? የዚያን ጊዜ እናት ይጠየቃል?» ትንሽ ተቆጣች፤ ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «የንስሐ አባቴም ተይው ብለውኛል። አንድ ጊዜ አይደለም የተቆጡኝ።»

«እና ለምን አልተውሽም?»

«ለምን እተወዋለሁ! አንቺ አለሽ አይደለም? አንቺ ሃይማኖትሽን ቀይረሽ ሄድሽ። እኔ ደግሞ ይህቺን ብተዋት ‹ዙፋንም እናታችንን ረሳቻት› ትይኛለሽ ብዬ ነዋ! አንቺ ስትመጪ ነው የማስቀምጠው። አንቺ በሌለሽበት በሌላው በዓል አስቀምጬም አላውቅ።»

«እኔ ደግሞ ተይው ብልሽ ‹እናቷን ረሳች› ትይኛለሽ ብዬ... ዶሮ ሳይ ኖርኩ!»

«ዶሮዎቼ እኮ አንቺን ሲያዩ ነው የሚደበቁት! ‹ያቺ ሴትዮ መጣች› ይላሉ።»

መጀመሪያ አልጣሽ ሳቀች፣ ቀጥሎ ዙፋን። ዙፋን ስትስቅ ጉልበቷን ያማታልና «ወይ ጉልበቴ! ወይ ጉልበቴ!» እያለች ትስቃለች። እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ስለ እናታቸው እያሰቡ ደግሞ ትንሽ በእውነት አለቀሱ፤ ብዙ አይደለም።

ጉርሻው አሁንም በዙፋን እጅ ላይ ነው። ቅቤው በክንዷ ይወርዳል።

«እንግዲህ ይሄን ምን ላድርገው?» አለች። «ምሰሶውም ለምዶ ይጠብቃል።»

«ምሰሶው ጠግቧል። ስንት ዓመት ሙሉ በላ!»

«ቆይ፣ ቆይ። ልብላው? ላንቺ ልስጥሽ? የመጀመሪያው ነው እኮ፣ ዝም ብሎ አይበላም። አንድ ነገር እንበልበት።»

አልጣሽ አሰበች። ከዚያ ዓይኗን ሳትጨፍን፣ እህቷን እያየች፣ በልጅነታቸው ይነጋገሩበት በነበረው በካፊኖኖ፣ «ዬሪ፣ ለዚህ ዓመት አደረስከን። እናታችንን የሰጠኸን አንተ ነህ፤ አመሰግንሃለሁ» አለች። ቃሉ የራሷ ስለነበር አጭር ሆነ፣ ድምጿም ዝቅ አለ። ዙፋን ግን ሁሉንም ሰማችው።

«አሜን» አለች ዙፋን፤ አማተበችና ጉርሻውን ለሁለት ገመሰችው። ግማሹን ለእህቷ አጎረሰች፣ ግማሹን ራሷ ዋጠችው። «የሚመጣው ዓመት ቀደም ብለሽ ነይ። ሥጋውን ብቻዬን መክተፍ ሰልችቶኛል። ያን ነቢያችሁንም ይዘሽው ነይ፣ ሆቴል ለሆቴል ይዞራል አላልሽኝም?»

«በዚህ ሳምንት የለም። እናቱ ጋ ሄዷል።»

«ጎበዝ። ብዪ ብዪ፣ ቅቤው ሊረጋብሽ ነው» አለች ዙፋን፣ ትልቁን ቁራጭ ወደ አልጣሽ በኩል እየገፋች።